ለቦራ ያልተሰጡት ሦስት ውርወራዎች

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለአንተነህ፣ ጅቡቲ፤

ጤናህ እንዴት ነው? የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ አይናዲስስ ደህና ናት? ትንሿስ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቀው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአንተ ናፍቆትና ከእኔ ጭንቀት በቀር ደህና ነን። ስልኩ ይቆራረጣል፤ ደግሞም የምነግርህ ነገር አባባ ባሉበት ግቢ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም። ሹፌሩ አማረ ሐሙስ ወደ እናንተ ስለሚወርድ በእሱ እጅ እልክልሃለሁ። ቁጭ ብዬ መጻፍ አቅቶኝ እስካሁን ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ።

አባባ ለዓይናቸው ሕክምና በጥር ከአገር ቤት ከአምበር እንደመጡ ታውቃለህ። ዓይናቸው ዳነ፤ መንገዱ ግን አንድ ቀን ሲከፈት ሁለት ቀን እየተዘጋ ይኸው ግንቦት ገባ። ከአጥር አጥር ሲዞሩ ይውላሉ። ጎረቤት ግቢ የበቀለውን ሣር ባዩ ቁጥር "ይህ ሁሉ መኖ" እያሉ ይቆጫሉ። ስለ በሬያቸው ስለ ቦራ የማይጠይቁበት ቀን የለም። ጎረቤታችን እንዳላማው ቦራን ከራሱ በሬ ጋር አቀናጅቶ፣ አንድ ቀን የራሱን ማሳ አንድ ቀን የእኛን እያረሰ እንደሆነ ስንት ጊዜ ነገርኳቸው መሰለህ።

የሚያሳርፋቸው የእሑዱ ጨዋታ ብቻ ነበር። የአንተው ጨዋታ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ አምጥተህ፣ ደንቡን በደብተር ጽፈህ ትተህልን የሄድከው። የአንድ ምናባዊ አገር ካርታ ወረቀት ላይ እንስላለን፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ጀግና ይሆንና ዳይስ የሚባለውን ባለ ነጥብ ጠጠር እየወረወረ ዕድሉን ይሞክራል። ዳኛዋ እኔ ነኝ። ባለቤቴ ስማቸውና እኛው ግቢ የተከራየችው ነርሷ ወለላ ይጫወታሉ። አባባ መጀመሪያ ከዳር ተቀምጠው ይስቁብን ነበር። ሁዳዴ ሊፈታ ሲል ግን ወንበራቸውን አስጠጉና "ለእኔም አንድ ሰው ስጡኝ" አሉ። ለየጀግናው ባልንጀራ እንስሳ ሲመረጥ ስማቸው ውሻ ወሰደ፣ ወለላ ጭልፊት ወሰደች፤ እሳቸው አፍታም ሳያስቡ በሬ አሉ። ስሙንም ቦራ አሉት።

ደብተርህ ላይ ባልንጀራ እንስሳ በውጊያ የራሱ ተራ የለውም ብለሃል። ባለቤቱ የራሱን ተራ ሰጥቶ ካላዘዘው ራሱን ከመከላከል በቀር ምንም አያደርግም። አባባ ይህን ሲሰሙ "ይህን የጻፈ ልጅ እርፍ ጨብጦ አያውቅም" ብለው ሳቁብህ፤ እውነታቸውን ነው። ከዚያ የራሳቸውን ደንብ አመጡ። "በመቀናጆ ይሁን፤ ቦራ አንዱን ዙር ለእኔ ይዋጋ፣ ቀጣዩን ዙር ለቸገረው ሰው ይዋጋ" አሉ። ወደድነው፤ ደብተርህ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ከአንተ ደንብ ይልቅ የእሳቸው ጨዋታውን አሳመረው። ከስማቸው ጋር እንኳ ስለ ወይፈን መግራት እያወሩ ምሳ ይበርድባቸው ጀመር። እማማ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ሲያወሩ አልሰማሁም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ እንዳላማው ደወለልኝ። ሰላምታውን አስረዘመው። ቦራ የቁልቁለቱን ማሳ ሲያርስ ተንሸራቶ ገደል ገብቶ እግሩ ተሰበረ፤ የማይድን ሆነና አረዱት፣ ሥጋውንም ሰፈሩ ተቃረጠው። ማሳው የእንዳላማው ነው፣ ቀኑም የእሱ ቀን ነበር። እያለቀሰ ነው የነገረኝ። ለስማቸው ነገርኩት፣ ለአባባ ግን አልነገርኩም። መርዶ ጊዜ ተመርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ለበሬ መርዶ ማንን ሰብስቤ እንደምናገር ግን አላውቅም ነበር።

እሑድ በጨዋታው ድልድይ ላይ የጅብ መንጋ ገጠመን። ዙሩ የወለላ ስለነበር ቦራን ይዛ መንጋው መሐል ገባች። ዳይሱ ከፋባት፤ የቦራ የነፍስ ነጥብ ዜሮ ሆነ። ሰው ዜሮ ሲገባ ሦስት ውርወራ ይሰጠዋል፣ ሁለቱ ከቀናው ይተርፋል ብለሃል። እንስሳ ግን ዜሮ ሲገባ ወዲያው ይሞታል ነው የምትለው። አባባ "አንች ልጅ፣ ለቦራም ሦስቱን ስጭው" አሉኝ። ዳኛዋ እኔ ነኝ፤ እሺ ብል ማንም አይቃወመኝም። ስማቸው ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር። እኔ ግን ደንቡ ደንብ ነው፣ ሞቷል አልኩ። ለምን እንዲያ እንዳልኩ ከዚያ ወዲህ ራሴን ስጠይቅ ነው የሰነበትኩት። ወረቀቱ ላይ ቢያዝኑለት የእውነተኛው የሚቀልላቸው መስሎኝ ነው። የፈራሁትን ነገር ዳይስ እንዲናገርልኝ ፈለግሁ፤ አፍሬያለሁ። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱና "ዓርብ አገሬ እገባለሁ፤ በሬዬን በዓይኔ ልየው" አሉ። ያን ቀን የጀመሩትን ስንቅ ማሰር እስካሁን አልተዉም። በዚህ መንገድ እንዴት አድርጌ ልሸኛቸው?

እዚህ ድረስ ትናንት ነው የጻፍኩት። ዛሬ ከምሳ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የደበቅኩበትን ቀንም ቆጥሬ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። "በማን ቀን?" ብቻ ነው ያሉት። በእንዳላማው ቀን አልኳቸው። "እንግዲያማ እሱ ብሶበታል፤ በይ ደውይለት" አሉኝ። መስመሩ በስንት መከራ ተገኘ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አልተቀየምኩህም፣ አንተም በአንድ በሬ ቀረህ እያሉ ሰውየውን ሲያጽናኑት ሰማሁ። ከዚያ ስንቁን ራሳቸው ፈቱት። ዓርብ አይሄዱም። እንዲቀሩልኝ ስንት ሌሊት ተመኝቼ ነበር፤ ሲቀሩ ግን ደስ አላለኝም። አሁን ግቢውንም አይዞሩም፣ ተቀምጠዋል።

ስማቸው እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል፤ እንደ ባለፈው ያለ ጠባብ ጫማ ደግመህ እንዳትልክለት ብሏል። ወለላ ሳታውቅህ ናፍቀሃታል፤ ቦራን እኔ ገደልኩት እያለች ታለቅስ ስለነበር እውነቱን ለእሷም ነግሬያታለሁ። አይናዲስን ሳምልኝ፣ ትንሿን ደግሞ ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። የአባባን ሰላምታ ልጻፍ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ሰላምታ አልሰጡኝም። ደብተሩን አስመጡና የእንስሳቱን ደንብ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስነበቡኝ። ስጨርስ፣ "በሬው የሞተበት ሰው ተራው ሲደርስ ምን ያደርጋል? ብለሽ ጠይቂልኝ" አሉ። ገጹን ሁሉ አገላብጬ አጣሁት። ደንቡን የጻፍከው አንተ ነህና ለእሳቸው ጻፍላቸው።

ታናሽ እህትህ
እስከዳር

ደብረ ማርቆስ
ግንቦት ፲፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.