ፕላዝማው እንዳይረበሽ ዝም ስላሰኘኋት ተማሪ

ለክቡር የትምህርት ቴክኖሎጂ ጉዳይ ኃላፊ
ሴቻ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ለእርስዎም ለቤተሰብዎም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየክፍላችን በብረት ሳጥን አስቆልፈው ለሰጡን ፕላዝማዎች ጤና እንዲበዛላቸው ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሒሳብ በማስተማር አሥራ አምስት ዓመት የቆየሁ፣ ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ግን በእርስዎ መልካም ፈቃድ ቴሌቪዥን በመክፈትና በመዝጋት የማገለግል መምህር ነኝ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ላቅርበው።

1ኛ/ ከክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ አምስት ደቂቃ፣ መጨረሻም ላይ አምስት ደቂቃ ስለተውልኝ አመሰግናለሁ። በመሃሉ በፕላዝማው የምትታየው ሴትዮ በእንግሊዝኛ ታስተምራለች፣ ትጠይቃለች፣ ግማሽ ደቂቃ ትታገሣለች፣ ከዚያም ጎበዞች ብላን ታልፋለች። አምና በመስቀል ማግስት ተማሪው ሁሉ በዓሉን ከዘመድ ጋር ሊያከብር ወደየደጋው ወጥቶ ሳለ፣ ሳይዘጋ የቀረው ፕላዝማ ባዶ ዴስኮችን ሲያሞግስ ስለሰማሁ፣ አድልዎ እንደማያውቅ እመሰክርለታለሁ።

2ኛ/ ምስሉ ጥርት ብሎ እንዲታይ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ስላስሸፈኑልን፣ ሰባ ተማሪ በዚህ በአርባ ምንጭ ሙቀት በጨለማ ላብ ሲያጠምቀው ማን ተኛ፣ ማን ነቃ ብዬ ከመጨነቅ ገላግለውኛል።

3ኛ/ ሦስተኛው ስለ ወርቂቱ ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩ ይቅርብኝ፤ ማመስገኑም አልሆነልኝም።

ወርቂቱ ከሦስት ዓመት በፊት ከጫኖ በሙዝ ጫኝ መኪና እየተሳፈረች የምትመጣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ለአባቷ የመስኖ ውሃ ተራ በደረሰው ቀን አግዛው ስለምትመጣ፣ እግሯ ጭቃ እንደያዘ ክፍል የምትገባበት ጊዜ ነበር፤ ሳይገባት የምታልፈው ነገር ግን አልነበረም። አንድ ቀን ከቢሮዎ የመጡት ሱፐርቫይዘር ከኋላ ተቀምጠው ሳለ እጇን አነሣችና፣ ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ እንደሚሆን ጠየቀችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኔ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ በሥርጭት ጊዜ መምህር እንዳይናገር የሚለውን መመሪያዎን አክብሬ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁባት። ክፍሉ ሳቀባት። የቀረችኝን አምስት ደቂቃ ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ አስተያየት በመስጠት ጨረሱብኝ፤ ሥርጭቱ ሳይረበሽ በመካሄዱም በጣም ጥሩ የሚል ውጤት ሞሉልኝ።

ወርቂቱ ከዚያ ወዲያ ምንም ጠይቃ አታውቅም። እኔም ነገ አስረዳታለሁ፣ ከነገ ወዲያ አስረዳታለሁ ስል ዓመቱ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናውን ወደቀች፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። ባለፈው ወር ጫኖ ለለቅሶ ሄጄ መንገድ ዳር ሙዝ ስትጭን አገኘኋት። ብድግ ብላ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ጨበጠችኝ፤ ከዚያም አንገቷን ደፍታ፣ ያን ቀን ትምህርቱ መሃል ገብታ ስላስቸገረችኝ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን ነው ይቅርታ የጠየቀችኝ፣ ክቡር ሆይ። መልሱን ያኔ እንኳ አልነገርኳትም። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ መጻፍ እንዴት በቀለለኝ።

እንግዲህ ለመጪው ትውልድ የዋሉትን ውለታ ራሱ መጪው ትውልድ አድጎ እንዲከፍልዎ፣ እኔም ያንን ቀን ለማየት ዕድሜ እንዲሰጠኝ እየተመኘሁ፣ ለእጅ መንሻ ያህል ይህችን ወረቀት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

ተክለጻድቅ እንድሪያስ
ቀድሞ የሒሳብ መምህር፣ አሁን ፕላዝማ ከፋችና ዘጊ
አርባ ምንጭ፣ ነሐሴ 2001 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ የወርቂቱ ታናሽ እህት ቲጂ ለመስከረም ዘጠነኛ ክፍል ተመዝግባለች። ጥያቄ የጠየቀች ዕለት ፕላዝማውን እዘጋዋለሁ። ማን እንደዘጋው የሚያጣራ ኮሚቴ በማቋቋም እንዳይደክሙ ስሜን ከነአባቴ ጽፌልዎታለሁ።