ሦስት ጊዜ ያልተሰማ አይጻፍም

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

መጋረጃ አጠብኩ። ወንድሜ ሻዩን በግራ እጁ ይዞ ሩቡን ሸሚዙ ላይ አፈሰሰው። ሸሚዙንም አጠብኩ።

ወንድሜን ስትሮክ ከመታው ዛሬ አርባ አንድ ቀኑ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም። አፉ ውስጥ የቀረችው ደግሞ አንዲት ቃል ናት፤ እሷም የእንግሊዝኛ። «ራይት።» ከስንቱ ቃል መሃል ለምን ይህቺ? ሐኪሙ «ብዙ ጊዜ የተባለ ቃል አንዳንዴ ይተርፋል» አለኝ። ሳይሆን አይቀርም። አርባ ዓመት ቀያሽ ነበር። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በመሣሪያው እያየ፣ ሜዳው ማዶ ዘንግ ይዞ ለቆመው ሰው «ራይት! ትንሽ ራይት!» ሲል ነው የኖረው።

ሁለተኛውን ሻይ ስሰጠው «ራይት» አለ።

«በሙሉ ዓረፍተ ነገር!» አልኩት። አመለጠኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማርኩበት ምላስ... እኔም የተማርኩት እንዲሁ ነው። በአንድ ቃል የመለሰች ልጅ መዳፏን ትዘረጋና በማስመሪያ ትመታ ነበር።

በግማሽ ፊቱ ሳቀብኝ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ትልቁን መዝገበ ቃላት ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ። ቃሏ ሁለት ገጽ ተኩል ይዛለች። ትክክል። ቀኝ። መብት። ተገቢ። ቀጥ ያለ። ወዲያውኑ። የተገለበጠ ጀልባ ማቃናትም እሷው ናት። ተማሪ ሳለሁ በሙሉ በቃሌ አጥንቻት ነበር፤ ለእያንዳንዱ ትርጉም ተመሳሳይ ቃል ከነዓረፍተ ነገሩ። በዓመቱ ፈተና ጀልባዋን ረስቼ አንድ ነጥብ ተቀነሰብኝ። አሁንም ይቆጨኛል።

በእኛስ ቋንቋ? ሰው ግራ ይገባዋል እንጂ ቀኝ ገብቶት አያውቅም።

የወንድሜ «ራይት» ግን ከመዝገቡም ይሰፋል። ዛሬ አሥራ አራት ጊዜ አለ፤ አንዱ ሌላውን አይመስልም። ሐኪሙ ልብ አላለውም። ልብ ማለት የእሱ ሥራ አይደለም መሰለኝ።

አዲስ ደብተር አሰመርኩ። አራት ዓምድ፦ መቼ፤ ድምፁ እንዴት ነበር፤ ግራ እጁ ምን ሠራ፤ ትርጉሙ። ደንቡ አንድ ነው፦ ሦስት ጊዜ ያልተሰማ አይጻፍም። ግምት መዝገብ ውስጥ አይገባም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

አጭርና ወደ ታች የሚወርድ፣ ጣት ወደ ከንፈር... ውሃ። ወደ ላይ የሚወጣ፣ እጁ አየር እየጠረገ... መስኮት ክፈቺ። በአፍንጫ የሚጎተት፣ እጁ ብርድ ልብሱ ውስጥ... ተይኝ። ይህኛው ሦስት ጊዜ ለመሙላት ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

ከታች ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ሱሪዎቹን በአንድ እጅ እንዲወልቁ ወገባቸውን ላስቲክ አድርጋ አመጣችልን። ደብተሩን አየችው።

«ቲቸር፣ እሱንም ክፍል አስገቡት?»

«ማስታወሻ ነው የምይዘው።»

«ምን ያደክምዎታል! የእኔ ባል ቃሉ ሁሉ እያለው የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ ምሳ ደረሰ?»

«ራይት!» አለ ወንድሜ፣ ጭኑን መታ አድርጎ። ልክ ብለሻል ማለቱ ነው። ሦስተኛው ስለሆነ ጻፍኩት።

በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አጠገቡ ተቀምጬ የነገውን ገጽ አሰምራለሁ። ማስመሪያው ሲንሸራተት በዓይኑ ይከተለዋል። የቀያሽ ዓይን... አንዷ መስመር ከጠመመች ያኮርፋል።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

የወንድሜ ልጅ ደወለች። ያለችው አንድ ናት፤ በሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች።

«አክስቴ፣ አባዬን እኔ ጋ ልወስደው ነው የማስበው።»

«ምን ጎደለበት?»

«ምንም አልጎደለበትም። እዚህ ግን የንግግር ሕክምና አለ። ቤቱም ምድር ላይ ነው፣ ግቢ አለው። እዚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ታስሮ...»

«ማን ነው ያሰረው?»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም፣ አክስቴ።» ቀጥላ፣ «እሱ ራሱ ይወስን። ግን የሚለው የሚገባው ለእርስዎ ብቻ ነው። ይጠይቁትና ይንገሩኝ። እርስዎ ያሉኝን እቀበላለሁ።»

ብልህ ልጅ ናት። ወይስ የዋህ?

ከሄደ እዚህ ቤት ውስጥ የሚናገር ሰው አይኖርም። ያለው ሰውም የሚናገረው አንድ ቃል ነው... ቢሆንም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ጠየቅሁት። «ልጅህ ልትወስድህ ትፈልጋለች። ትሄዳለህ?»

«ራይት።» ዝቅ ብሎ፣ በዝግታ። መዳፉ ጉልበቱ ላይ ተዘርግቷል።

ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ስድስተኛው ገጽ ላይ አለ፦ እሺ፣ እፈልጋለሁ። ግን እዚያ የተጻፈው ገላ ላጥብህ ወይ፣ ጢምህን ልላጭህ ወይ ስለው ነው። ስለ ጉዞ ሲባል ይህ የመጀመሪያው ነው። አንድ።

ለልጅቷ «ገና ግልጽ አይደለም» አልኳት። ውሸት ነው? አይደለም። ደንብ ነው።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ሳልጠይቀው፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለችውን የቆዳ ሻንጣውን አይቶ «ራይት» አለ። ዝቅ ብሎ። መዳፉ ጉልበቱ ላይ። ሁለት።

ሻንጣዋ አቧራ ይዟታል ብዬ ወደ እኔ ክፍል ወሰድኳት። ከአልጋ ሥር ገባች።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ስለ ጉዞ አላነሳሁም። መጋረጃ አጠብኩ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

አላነሳሁም። መጋረጃዎቹ ከዚህ በላይ አይነጡም።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ገበያ ስወጣ ልብስ ሰፊዋ አብራው ቆየች። ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ፈልጎ አላገኘሁለትም። መዳፉን ጉልበቱ ላይ እያደረገ ራይት ይላል፣ ያችን የቁም ሳጥን አናት ያያል። ምን ማለቱ ነው?»

«ውሃ» አልኳት።

ውሃ አመጣችለት። አልጠጣም። ብርጭቆውን አላየውም፤ የሚያየው እኔን ነው።

በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ አውቄ በተሳሳተ መልስ ላይ ራይት አድርጌ አላውቅም። የጎረቤት ልጅ ሆነ፣ የርዕሰ መምህሩ ልጅ ሆነ፣ የተሳሳተ ተሳስቷል። ዛሬ ግን... ለአንድ ልብስ ሰፊ፣ በራፍ ላይ፣ ዘንቢል እንደያዝኩ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ አንድም «ራይት» የለም። ውሃ እንኳን በጣቱ ነው የጠየቀኝ። ዓምዶቹ ባዶ ናቸው።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አወጣኋት። ወለወልኳት። ከፊቱ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት።

«እኔ ነኝ የደበቅኳት» አልኩት። «ውሃ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ውሃ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። አሁን በደንቡ እጠይቅሃለሁ። ልጅህ ጋ መሄድ ትፈልጋለህ?»

ቆየ። ሊቀጣኝ መሰለኝ። ሕፃን ሆኖ ፊደል ሳስጠናውም እንዲህ ያደርገኝ ነበር... መልሱን እያወቀ።

«ራይት።» ዝቅ ብሎ፣ በዝግታ። መዳፉ ጉልበቱ ላይ። ከዚያ መዳፉን አንስቶ እጄ ላይ አደረገው። ይህ በአንደኛውም በሁለተኛውም ጊዜ አልነበረም፤ ለብቻው መመዝገብ አለበት።

ሦስት። አራተኛው ዓምድ ላይ «መሄድ እፈልጋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። በቀይ ራይት አደረግኩበት።

ደወልኩላት። «እርግጠኛ ነዎት፣ አክስቴ?»

«ሦስት ጊዜ ብሏል።»

አለቀሰች። እኔ አብረውት የሚላኩትን መድኃኒቶች ስም አጻፍኳት።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

መኪና ይዛ መጣች። የልብስ ሰፊዋ ባልና ሹፌሩ ከነወንበሩ ተሸክመው አወረዱት። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ወንበሩ ግድግዳውን ሊገጭ ሲል «ራይት! ራይት!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ ወደ ቀኝ አለ፤ አለፉ። በዚያ በአርባ ዓመት የቀያሽነት ድምፁ ነበር የጮኸው። በዚህች አንዲት ጊዜ ቃሏ ምንም ትርጉም አላስፈለጋት።

ደብተሩን ገልብጬ ዋናውን ለልጅቷ ሰጠኋት። አገላበጠችው።

«ይሄ ሁሉ ከአንድ ቃል?»

«ሠላሳ አንድ ነው። ደንቡ የፊተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል። አንብቢው።»

ልብስ ሰፊዋ ስታቅፈው «እኛንስ በማን ጣሉን?» አለችው። በአፍንጫው የሚጎተተውን መለሰላት። ተይኝ ነው። አልተረጎምኩላትም፤ አልጠየቀችኝም።

ወጥቼ ስገባ ቤቱ ውስጥ የሰዓቱ ድምፅ ብቻ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ልጅቷ ደወለች። ግቢው ውስጥ በዱላ ስድስት እርምጃ ሄዷል። የንግግር ሐኪሟ ደብተሩን አይታ ፎቶ አነሳችው።

«አክስቴ፣ አንድ ግን ደብተሩ ላይ ያጣሁት አለ።»

«ድምፁ እንዴት ነው?»

«ወደ ላይ ይወጣና መጨረሻው ላይ ዝም ይላል። እንደሚጠይቅ።»

«እጁስ?»

«በጣቱ ጠረጴዛው ላይ መስመር ያሰምራል። ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥ አድርጎ። ከዚያ በሩን ያያል።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ። አሁን ራሱ እያደረገው ነው። ምን ብዬ ልጻፈው?»

ስንት ጊዜ እንደሰማችው መጠየቅ ነበረብኝ... አልጠየቅኩም።

«አክስቴ ብለሽ ጻፊው» አልኳት። «ስልኩን ስጪው።»

ትንፋሹ መጣ። ከዚያ «ራይት» አለ። ወደ ላይ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ ዝም።

«ራይት» አልኩት።

ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይደለም። አራት ነጥብ አድርጌበታለሁ።