የሞተው አባቴ ምርት በየዓመቱ ስለማደጉ

ለክቡር የክልላችን ምክትል አስተዳዳሪ፣ ቀድሞ የክልሉ ግብርና ቢሮ ኃላፊ፣ ከዚያ በፊት የወረዳው ግብርና ኃላፊ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ በሞተር ብስክሌት ደጃችን ይመጡ ለነበሩት የሰብል ባለሙያ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎስ? አዲሱ ወንበር ተስማማዎት? እኛ ከአባቴ በቀር ደህና ነን። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ይህን ማስታወሴ እርስዎ ዘንድ በሕይወት ስላለ ነው።

ሰው ፊት ስቆም አፌ ስለሚተሳሰር በወረቀት መጣሁ። ጉዳዬ አንድ ነው፤ የመሬታችን ደብተር በእናቴ ስም ይዙርልን። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ደብተሩ በባለይዞታው ፊርማ ካልታደሰ ማሳው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተነግሮናል።

አንደኛ፣ ምስጋና አለብን። የአባቴን ማሳ ሠርቶ ማሳያ ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ጎብኚዎች በመጡ ቀን አባቴ የአረም መድኃኒት እየረጨ እንዲታይ አዘዙ፤ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ የመጣው አንድ ብቻ ስለነበር እርስዎ አጠለቁት። ጽሕፈት ቤቱ መግቢያ ላይ በተሰቀለው ፎቶ በጣም አምሮብዎታል። ከኋላዎ ቆሞ በባዶ ፊቱ የሚረጨው አባቴ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያስል ከረመ፤ ሐኪሙ ሳንባው ነው አለ፤ የዚያን ዓመት አጨዳ አላየም። እርስዎ ግን በዚያው ዓመት ወደ ክልሉ ቢሮ አደጉ።

ሁለተኛ፣ እናቴ ደብተሩን ለማዞር ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። በሦስተኛው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ ደግ ሰው ነው፣ መዝገቡን ገልጦ፣ «እናት፣ ባለቤትሽ ዘንድሮም አንደኛ ወጥቷል» አላት። እሷ ቀብሬዋለሁ ስትለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አሠራሩን አስረዳት። የሞዴል ገበሬዎች ምርት ማሳ ድረስ ተሄዶ አይለካም፤ ካለፈው ዓመት ሪፖርት ይወሰድና ትንሽ ይጨመርበታል። አባቴ ሞቷል ብሎ የሚጽፍ ሰው የእርስዎን የሦስት ዓመት ሪፖርት ይሰርዛል፤ እንዲህ ያለ ደፋር ደግሞ እዚያ ቤት የለም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አባቴ በሕይወቱ ሳለ ይህን ያህል ጎበዝ አልነበረም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ከብዶኝ ነበር። ያለ ደብተር ምርቱን እኩል ተካፍሎ የሚያርስልን ስላጣን ማሳው ሦስት ዓመት ሙሉ አረም ለብሷል። እናቴ ከመዝገብ ቤት ከተመለሰች ወዲህ ማለዳ ማለዳ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። አንድ ቀን ቀስ ብላ፣ «ታዲያ ማነው የሚያጭደው?» አለችኝ። ሳቅሁ። ከዚያ እኔም ማየት ጀመርኩ። ባለፈው ሳምንት አረሙ ከዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር ተኝቶ አገኘነው፤ ሰው የሄደበት ይመስላል። ከብት ነው አልኳት። እኛ ከብት የለንም፣ የጎረቤትም በዚያ አያልፍም፤ እሷም ይህን ታውቃለች። አሁን ጥቁር ልብሷን አውልቃለች። ለምን ብዬ መጠየቅ ፈራሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ማስቸገር ካልሆነብኝ፣ በአንዲት መስመር ጽሑፍ አባቴን እንዲገድሉልን በትሕትና እለምናለሁ። ሁለተኛ ጊዜዎ ስለሆነ ብዙ አይከብድዎትም።

ከፍ ብለው ከፍ እንዲሉ ከልብ የምትመኝ፣ የእጅዎ ሥራ የሆነው ሞዴል ገበሬ ታላቅ ልጅ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለይዞታው ራሱ ቀርቦ ይፈርም የሚለው ሕግ አይነካም ካሉ፣ እኛ ሕግ አክባሪዎች ነን። እርስዎ በየዓመቱ አጨዳ ላይ የሚያገኙት ከሆነ ለአንድ ቀን ብቻ ይላኩልን። ሲመጣ ግን ዝም ብሎ እንዳይገባ ይንገሩልኝ፤ በሩን ያንኳኳና ስሙን ይናገር። ትንሿ እህቴ የተወለደችው ከተቀበረ በኋላ ነው፤ አታውቀውም።