ቁረጪው ያልካት ምርቃት

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዳውድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ነህ? ስኳርህስ? ሐኪሙ ጾሙን ተው ካለህ ተው፤ ግትርነትህን እዚያው ለዘፈንህ አድርገው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከልጄ ከሸይማ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትል። ስልክ ላይ እኔና አንተ ዒድ ሙባረክ ከተባባልን በኋላ የምንለው ይጠፋናል፤ ይኸው ስንት ዓመታችን። ጋሼ ግርማቸው ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ስለሚበር በሱ እጅ ልኬዋለሁ። ጾም ይዤ ነው የምጽፈው፤ ነገሬ ቆጣ ቆጣ ካለብህ ግማሹን ለረሃቡ ስጠው። ግማሹ የራሴ ነው።

የመጣሁት በዚያ ፊልም ጉዳይ ነው። መቼም ሸይማ ልካልህ አይተኸዋል። የዚህን አገር ክረምት ሙሉ ከመስጊዱ ልጆች ጋር ያንተን ልጅነት ካልቀረጽን ብለው ቤቴን ገበያ አደረጉት። "ፋሚሊ ሙቪ ነው ኡሚ፣ እምነት ያለበት" ትለኛለች። ድሃ ሆኖ ተወልዶ፣ አላህን ይዞ፣ ትልቅ ዘፋኝ የሆነ ልጅ ታሪክ። ጥሩ አልኳት። እንዲህ ያንገበግበኛል ብዬ መች አሰብኩ?

መጀመሪያ ቤታችንን አየሁት። እዚሁ አቅራቢያ ካናል ዊንቸስተር የሚባል ቦታ ያለ የአንድ ፈረንጅ ገበሬ የከብት በረት፣ ቀይ ቀለም የተቀባ! ኮምቦልቻ ነው ይሉኛል። ቀጥሎ አንተን ሆኖ የሚጫወተውን ልጅ፣ ሃቢብን፣ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ አልብሰው አመጡት። ዳውድ፣ ደሜ ፈላ! አባታችን ልብስ ሰፊ ነበር እኮ። ሌላው ቢጎድለን ጨርቅ ጎድሎን ያውቃል? የሰው ትርፍራፊ እየቀጣጠለም ቢሆን በየዒዱ አዲስ አልብሶናል። የልብስ ሰፊ ልጅ ቡትቶ ለብሶ ሲወጣ አባቴ ቢያይ ዳግመኛ ይሞት ነበር። ድሆች ነበርን፤ እንደዚህ ድሆች ግን አልነበርንም አልኳት። "ኡሚ፣ ሪላክስ። ሰው ማልቀስ ይፈልጋል" አለችኝ።

ሌላም ጉድ አለልህ። ፊልሙ የዒድ ማግስት የሚታየው በመስጊዱ አዳራሽ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ አብዱረሂም ሰምቶ "የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ እዚህ አይገባም" አለ። እሱስ እውነቱን ነው። ልጆቹ ግን ፊልሙን ከመተው ድምፁን ተዉት። እና ሃቢብ ክራሩን ይመታል፣ ይመታል፣ ምንም አይሰማም። የዘፋኝ ፊልም ያለ ዘፈን! እኔ ስስቅ ሸይማ አኮረፈች።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። እማዬን ሆኜ የተጫወትኩት እኔ ነኝ። አውቀኸኝ ይሆናል። ትመስያታለሽ፣ ሌላ አማርኛ የሚችል ሰው የለንም ብለው ጆሮዬን ሲበሉኝ እሺ አልኩ። ልጁ ክራሩን ይዞ ከቤት ሲወጣ ራሱ ላይ እጄን ጭኜ "ሂድ ልጄ፣ ይህን ድምፅ የሰጠህ አላህ ነው" እንድል ነው የጻፉልኝ። እማዬ ክራርህን ጣሪያ ውስጥ ስትደብቅብህ የኖረች ሴትዮ! ተናደድኩና አሥራ አንድ ጊዜ ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ብርዱ ሌላ፣ የከብቱ ሽታ ሌላ። በአሥራ ሁለተኛው አልኩት፤ እንዳልኩት ማልቀስ ጀመርኩ፤ ማቆምም አቃተኝ። ሸይማ "ፐርፌክት!" ብላ አቀፈችኝ። ትወና መሰላት።

አንተ ደግሞ አየኸውና ድምፅህን ላክህላት። ሦስት ጊዜ አስደግሜ ሰማሁት። "የኔ ልጅ፣ ሌላው ሁሉ ይሁን። ሱሪውም ይቀደድ። ያንን ምርቃት ግን ቁረጪው። እናቴ ሳትመርቀኝ ነው የሞተች። በሞተ ሰው አፍ ውሸት አይጨመርም። አልጋዋ አጠገብ እናትሽ ነበረች፤ እሷን ጠይቂያት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ መቆሚያ መቀመጫ ነሳችኝ። ኒው አልባኒ ሥራ ቦታ ድረስ እየደወለች፣ ዕቃ እያሸግኩ፣ "ኡሚ፣ አጎቴን ኮል አድርጊው፣ ኮንቪንስ አድርጊው። እሱ ከተቆረጠ ፊልሙ የለም።" አሁን እንኳ አጠገቤ ተቀምጣ "ይሄን ሁሉ ገጽ ምንድን ነው የምትጽፊው?" ትለኛለች። አማርኛ ማንበብ አለመቻሏ ሲያንገበግበኝ ኖሮ ዛሬ ደስ አለኝ።

እሷን ጠይቂያት አልክ። ጠየቀችኝ። ለሷ መልስ አልሰጠሁም፤ ላንተ ልስጥ።

እማዬ በሞተች በአራተኛው ቀን ነው የመጣኸው። ድሬዳዋ እንደነበርክ፣ መልእክቱ ዘግይቶ እንደደረሰህ አሁን አውቃለሁ፤ ያኔም አውቅ ነበር። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ እያገላበጥኩ፣ እያጠብኩ፣ በማንኪያ እያጎረስኩ ከርሜ ፊቴ አመድ መስሏል። አንተ በመኪና፣ በሙሉ ልብስ መጣህ። ለቅሶ የተቀመጠው ሰው እኔን ትቶ አንተን ሊያይ ከድንኳን ወጣ። አንዷማ ፎቶ አብረን እንነሳ አለችህ። አንተ እያለቀስክ እንደነበር አይቻለሁ። አይቼም ልቤ ጠቆረብህ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወስደኸኝ "ስለ እኔ ምንም አላለችም?" ስትለኝ "ምንም" አልኩህ።

ዋሸሁህ ዳውድ።

ከመሞቷ ሁለት ቀን በፊት የጎረቤት ሬድዮ አንተን ሲያሰማ እንዳትሰማው በሩን ልዘጋ ገፋሁት። ክፈቺው አለችኝ። እስኪያልቅ ሰማች። ከዚያ እጄን ይዛ፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ እንዲህ አለች፦ "ለዳውድ ንገሪው። ዘፈኑን አልወድለትም፤ እሱን ግን ጠልቼው አላውቅም። ከልቤ ሐላል ብዬዋለሁ። ዱዓዬ በሄደበት ይከተለው። አደራ፣ ንገሪው።" እሺ አልኳት። እሺ ብዬ አደራዋን በላሁ።

ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ዲቪ ደረሰኝ፤ መጣሁ። አንድ ዓመት ሲያልፍ ማፈር ጀመርኩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላማ ምን ብዬ? ዘፋኝ ሁሉ ስለ እናቱ ሲዘፍን አንተ አንድም ቀን አልዘፈንክም። አምና ጋዜጠኛዋ ለምን ስትልህ "ሌላ ጥያቄ" አልካት። እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጬ አየሁህ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ እንቅልፍ አይደለም።

ስለዚህ ፊልሙ አሁንም ተሳስቷል። ድምፅህን አላህ ሰጠህ አላለችም፤ ዘፈንህንም አልወደደችም። ይህን ሳልነግርህ ብቀር ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ምርቃቱ ግን ውሸት አይደለም። ልጆቹ ለሰው ማስለቀሻ ከሐሳባቸው ፈጠሩት እንጂ የሆነውን አያውቁም ነበር። ትቁረጠው ወይም ትተወው፣ ለሸይማ አንተው ንገራት። ለምን እንደሆነም ልትነግራት ከፈለግህ ንገራት፤ እኔ ልጄ ፊት አፌ አልታዘዝ ብሎኛል።

አውፍ በለኝ ብዬ እለምንሃለሁ። ዛሬውኑ በለኝ አልልህም፤ የፈለግኸውን ያህል ተቆጣ። መቆጣት እኔም እችልበታለሁ።

አላህ ጤናህን ይመልስልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ። የእማዬም ዱዓ ይድረስህ፤ ሃያ ስምንት ዓመት እኔ ዘንድ ነው የከረመው።

ታላቅ እህትህ
ሩቅያ