ባረቀ ወይስ ተኮሰ

ለውድ እህቴ ለእቴ ስምረት፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ግራ ጎንሽን የሚወጋሽ ነገር ለቀቀሽ? እማዬስ እህል መቅመስ ጀመረች? እንቅልፍስ ይወስዳታል? የትንሹ አማኑኤል የፊት ጥርስ ይነቃነቃል ብለሽኝ ነበር፤ ወለቀ ወይስ እስካሁን በምላሱ ይገፋዋል? እኔና አባባ በአካላችን ደኅና ነን። ስለ ሌላው ደኅና ነን ብዬ አልዋሽሽም።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። እማዬ ሁልጊዜ ስፒከር ላይ ስለምታደርገው አፌ ይያዛል። ኮከብ የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ሴት ለእህቷ ሠርግ ወደ ኮምቦልቻ ስለምትመጣ በእጇ ልኬልሻለሁ። መጀመሪያ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ወንድማችንን ግዛውን በቀበርን ሰሞን "መሣሪያው ባረቀበት ነው ይላሉ፤ እውነት ነው ወይ?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ዝም አልኩሽ። አላወቅኩም ነበር። አሁን አውቃለሁ።

ኤቢን በፎቶ አይተሽዋል፤ በግዛው ልደት ቀን ኬኩን ፊቱ ላይ የለጠፈበት ረጅሙ ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ የደሴ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር ተወልዶ ያደገ ስለሆነ በአማርኛ ሲያናግሩት በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ከግዛው ጋር አየር ማረፊያ ዊልቸር ይገፉ ነበር። ግዛው አማርኛ ያስተምረዋል፣ እሱ ደግሞ የግዛውን እንግሊዝኛ ያርማል። አንድ ቀን ግዛው ቤታችን የሥራ ሸሚዙን ይዞ "ቆይ ይህን ልተኩስ" ሲለው ኤቢ "ሸሚዙ ምን አደረገህ?" ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ለካ ተኮሰ የሚለውን ቃል ለጥይት ብቻ ነበር የሚያውቀው። ግዛው ካውያውን እንደ ሽጉጥ ደግኖበት ሶፋው ላይ እስኪወድቁ ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ።

የዚያን ቀን ከሥራ ወጥተው ከአፓርትመንታችን ጀርባ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ፣ መኪና ፓርክ አድርገው ያወሩ ነበር። እኔ ፎቅ ላይ የቤት ሥራ እየሠራሁ ድምፁን ስሰማ ጎማ የፈነዳ መሰለኝ። ከዚያ የኤቢን ጩኸት ሰማሁ። ስወርድ የመኪናው በር ተከፍቶ ግዛው በወገቡ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። ጥይቱ አንገቱ ሥር ነበር የገባው። በሁለት እጄ አፍኜ ስይዘው ደሙ በጣቶቼ መሃል እየገፋ ይወጣል፤ ሙቀቱ ያቃጥል ነበር። ሊያናግረኝ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ በቃል ፋንታ ደም ወጣ። ኤቢ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን ከመኪናው ብረት ጋር እያጋጨ "ኢት ዌንት ኦፍ፣ ኢት ጀስት ዌንት ኦፍ" ይላል። ግዛው እጄ ላይ እያለቀ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ይኸው ነው።

እንግዲህ እንግሊዝኛ እንዲህ ነው፤ አንድ ግሥ ይይዝና ከኋላው ትንሽ ቃል ይቀጥልበታል። ያቺ ትንሽ ቃል የግሡን ትርጉም ትገለብጠዋለች። ትምህርት ቤት ይህን የምንማረው አገሩን ገና ያልለመድን ልጆች ነን። አጠገቤ የሚቀመጠው ሮሻን የሚባል ሂንዲ ተናጋሪ ሕንዳዊ ነው። ወደ ትምህርት በተመለስኩ በሳምንቱ መምህራችን ስለ "ኦፍ" ታስተምር ነበር። መብራቱ ዌንት ኦፍ ማለት ጠፋ ነው፤ ደወሉ ዌንት ኦፍ ማለት ግን ጮኸ ነው። ሮሻን እጁን አውጥቶ "ሚስ፣ ኦፍ መብራቱን ከገደለው ደወሉን እንዴት ከሞት ያስነሳዋል?" ሲላት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም እየሳቀች ሦስተኛ ምሳሌ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ሽጉጡ ዌንት ኦፍ። ጽፋ ስትዞር እኔን አየችኝና ፊቷ ጠቆረ። የግዛውን ነገር ረስታው ነው።

ሮሻን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "በእኛም ጎሊ ቻሊ ይባላል፤ ጥይቱ ሄደ እንደማለት ነው፣ ማንም ሳይልከው" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር። እኔ ግን ኤቢን የሰማሁ መሰለኝና በክርኔ አፉን መታሁት። ወንበሩን ይዞ ሲወድቅ ላዩ ላይ ወጣሁበት። ፊቱ ጠፍቶኝ የኤቢን ፊት ነበር የማየው፤ ስደበድበው እጄ አልደከመም። ከላዩ ሲያነሱኝ ጥርሱ የሸሚዜ እጅጌ ላይ ተሰክቶ ነበር። ከትምህርት ቤት ታገድኩ።

አስቢው እቴ፣ ልጁ ከንፈሩ እንደ ኳስ አብጦ ቤታችን ድረስ መጣ። በሩን የከፈቱለት አባባ ናቸው፤ የኔን ሥራ ሲያዩ አቀርቅረው አስገቡት። ሮሻን ተቀምጦ "ባይ፣ ያን ቀን ግማሹን ነው የነገርኩህ" አለኝ። ባይ ማለት በእነሱ ወንድሜ ማለት ነው። ሂንዲ ውስጥ ጎሊ ቻሊ ሲባል ሰው የለበትም፤ ጎሊ ቻላዪ ሲባል ግን የተኮሰ ሰው አለበት። እንግሊዝኛው ይህን ደብቆበት እሱም እንደተቸገረ ነገረኝ። "በናንተስ?" ሲለኝ እኛም ባረቀና ተኮሰ እንላለን አልኩት። "በሉ እንግዲያው የተኮሰውን ልጅ በራሳችሁ ቋንቋ ጠይቁት። ለምሳሌ ይኸ ጥርሴ አልወለቀም፤ አንተ ነህ ያወለቅከው" ብሎ ድዱን አሳየኝ። አባባ ምን እንዳለ ጠየቁኝና ተረጎምኩላቸው። ልጁን አተኩረው አዩት።

አባባን ታውቂያቸዋለሽ፤ በሚሊሺያነታቸው ዘመን መሣሪያ ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው። ወይዘሮ ውድነሽ ሽማግሌ ይዘው መጥተው "ባረቀበት እንጂ አልተኮሰም፣ ስለ ወላዲቷ ብላችሁ" እያሉ ሲያለቅሱ አባባ የመለሱት "ከአፉ እንስማው" ብለው ብቻ ነበር። ሲወጡ ግን ለእኔ "ባረቀ ከሆነ የእግዜር ቁጣ ነው፣ አለቅሳለሁ። ከተኮሰ ግን ልጄን የገደለ ሰው አለ፤ ያ ሰው እኔ ነኝ ሳይለኝ ምኑን ይቅር እላለሁ?" አሉኝ። እኔ ደግሞ ባረቀም ተኮሰም ጉዳዬ አልነበረም። ኤቢን አንቄ ዓይኑ ሲፈጥ ማየት ነበር የምፈልገው። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ለአንቺ ነው።

ኤቢ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ስለነበር ዳኛዋ የምትወስነው ዓመቱን ብቻ ነበር። ፍርድ ቤት አባባ ማዳመጫ አድርገው አስተርጓሚዋን ይሰማሉ። ኤቢ በእንግሊዝኛ ተናገረ። አዲስ ሽጉጥ ገዝቶ ለግዛው ሾው ኦፍ እያደረገ ነበር፤ ጉራውን መንዛቱ ነው። ግዛው ፈርቶ "ፑት ኢት ኦፍ" አለው። እቴ፣ አስቀምጠው ሊለው ፈልጎ ነው። ትክክለኛው ፑት ኢት አዌይ ነበር፤ እሱ ያለው ለሌላ ቀን አስተላልፈው የሚል ነው። ኤቢ ሳቀበት። ሽጉጡን ወደሱ አዙሮ "ጊዝ፣ አዌይ ነው የሚባለው፤ ድገመው" አለው፤ ግዛውን ጊዝ ነበር የሚለው። ወንድሜ በመጨረሻዋ ሰዓት እንግሊዝኛው ይታረም ነበር። "ከዚያ ኢት ዌንት ኦፍ" ብሎ ኤቢ አቀረቀረ።

አስተርጓሚዋ ትንሽ ዘግየት ብላ "ባረቀ" አለች። አባባ ማዳመጫውን አውልቀው "ባረቀ ነው ያለው?" ብለው ጠየቁኝ። የለም፣ ተኮስኩ ነው ያለው የምትል ቃል አፌ ላይ መጣች። በእሷ ልበቀለው እችል ነበር። የሮሻን ድድ ትዝ አለኝና "አባባ፣ እንግሊዝኛው አይለይም። ሰው የለበትም" አልኳቸው።

የሟች ቤተሰብ የሚናገርበት ተራ ሲደርስ አባባ ተነሡ። መናገር የነበረባቸው ለዳኛዋ ነው፤ እሳቸው ግን ወደ ኤቢ ዞሩና "ልጄ፣ እየኝ። ባረቀብህ ወይስ ተኮስክ?" አሉት። ጠበቃው እጅጌውን ያዘው። ወይዘሮ ውድነሽ ከኋላ "ባረቀ በል፣ ባረቀ በል የኔ ልጅ" ብለው ሲጮሁ ፖሊሱ ቀርቦ አስቀመጣቸው። አስተርጓሚዋ ለኤቢ በእንግሊዝኛ ልትነግረው ስትጀምር እሱ አላስጨረሳትም። በዚያ በተሰባበረ አማርኛው "ተኮስኩት፣ አባባ። ባዶ መሰለኝ። ግን እኔ ተኮስኩት" አለ።

ያችን ቃል ከነሁለት ትርጉሟ ያስተማረው ግዛው ነው፤ በሸሚዝና በካውያ።

አባባ ከፊታቸው ያለውን የእንጨት መደገፊያ ያዙ። ከዚያ ለዳኛዋ "ሌላ የምለው የለኝም፤ የጎደለኝ ይኸ ነበር" ብለው ተቀመጡ። ዳኛዋ ስምንት ዓመት ፈረደች። ውጭ ወይዘሮ ውድነሽ እግራቸው ላይ ሲወድቁ አባባ አነሷቸውና "እኔ በበኩሌ ልጅዎን አልረግመውም። ይቅርታው ግን የኔ ብቻ አይደለም፤ የወለደችው አለች። ተኮሰው ተብሎ ይነገራትና ምላሿን እንስማ" አሏቸው።

እኔ ገና ነኝ እቴ። ኤቢ ያን ሲል ቡጢዬ ተፈታ፤ ማታውን ግን መልሼ ጨብጬው አገኘሁት። ሮሻን ትምህርት ቤት አጠገቤ መቀመጡን አልተወም።

እንግዲህ የእማዬ ነገር በእጅሽ ነው። ባረቀ ብለሽ አታቅልይላት። ኤቢ ተኮሰው ብለሽ ንገሪያት፤ ካለቀሰች በኋላ የምትለውን ሁሉ፣ እርግማንም ቢሆን፣ ሳትለውጪ ላኪልን። አባባ ቃሏን ይጠብቃሉ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የቪዛዋን ነገር አባባ አልተውትም። አክስቴን አልጣሽን የላከችው በርበሬ ደርሶናል በያት። ሊሊን ፈተናዋን እንዳትፈራ ንገሪያት። አማኑኤልን ግንባሩን ሳሚው፤ ጥርሱን ማንም እንዳይነቅልለት፣ በራሱ ጊዜ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ ይወርውረው። ከእኛ ቤት አባባ ሰላም ይሉሻል። ደብዳቤ ስጽፍ ከታች በቀልድ የሚፈርመው ግዛው ነበር፤ ቦታውን ክፍት ትቼለታለሁ።

ወንድምሽ ምናሉ ተክለሚካኤል

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.