ንጉሤን ከእድር ለሚሰርዙት ሊቀመንበራችን

ለክቡር አቶ ጀማነህ፣ የእድራችን ሊቀመንበር
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ማርች 2022

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎና በተለይም ማይክ የማያስፈልገው ድምፅዎ ሳይጓደሉ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ እመኛለሁ።

የልጄ የውባለም ባል ንጉሤ ባንክራፕሲ ፋይል ሊያደርግ፣ ማለትም መክፈል ያቃተውን ዕዳ በፍርድ ቤት ሊያሰርዝ፣ መሆኑን ሰምተው፣ ባለፈው እሑድ በዙም ስብሰባ «ዕዳ የካደ ሰው ከእድር ይሰረዛል» ብለው በመቶ ሃያ ቤተሰብ ፊት ስላወጁልን እናመሰግናለን። ከሥራ ተቀንሶ ኢንሹራንሱ በተቋረጠ በሦስተኛው ሳምንት ኮሮና ይዞት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ዕዳ ውስጥ መዘፈቁን አለማንሳትዎም ምሥጢር ጠባቂነትዎን ያሳያል። ቅሬታዎቼ እነሆ፦

1. አምና ሞርስ ሮድ ላይ ንጉሤን መኪናዎ ውስጥ አስቀምጠው፣ ፋይል ካደረገ ሂልቶፕ ያለው ቤቱ እንደሚወሰድ፣ የአሜሪካ ሲትዝንሺፑ እንደሚነጠቅ፣ ዕድሜ ልኩን ማንም እንደማያበድረው ነገሩት። በኋላ ያማከርናት ጠበቃ ሦስቱም ልክ እንዳልሆኑ፣ ቤቱም እንደማይነካ አስረዳችን። እርስዎን ሳታማክር ሕግ መማሯ አሳዘነኝ።

2. እዚህ ላይ ቀልዴን ልተወው። እርስዎን አምኖ፣ አሥራ አራት ዓመት መጋዘን ውስጥ ሣጥን ተሸክሞ ያጠራቀመውን የጡረታ ገንዘብ አውጥቶ ለክሬዲት ካርድ ዕዳ አስረከበ። ያኔውኑ ፋይል ቢያደርግ ኖሮ ሕጉ የጡረታ ገንዘብን ስለሚጠብቅ አንድ ሳንቲም አይነካበትም ነበር። ገንዘቡ አለቀ፣ የዕዳው ግማሽ ግን አለ። እርስዎ ይህን ምክር ይሉታል፤ እኔ የምለው ቃል የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለማይለጠፍ ትቼዋለሁ።

3. «የካደ» ላሉት፣ የካደ ሰው ይደበቃል እንጂ ዳኛ ፊት አይቀርብም። ንጉሤ ገቢውን፣ ዕዳውን፣ አሮጌውን ሶፋ ሳይቀር ዘርዝሮ፣ ምሎ ሊፈርም ነው። ቅጹን የምትሞላለት የልጅ ልጄ ያኤል «ግራንድፓ፣ ጀስት ፔፐርወርክ ነው» ትለኛለች፤ ወረቀት መሙላት ብቻ ነው ማለቷ ነው። የእድሩን ሒሳብ እርስዎ እንዲህ ዘርዝረው ያሳዩን ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም።

ውባለም «ነገ ክፉ ቢደርስብን ማን ደጃችን ይቆማል?» እያለች ታለቅሳለች። ባሏ አሥራ ሰባት ዓመት መዋጮ ሳያጓድል፣ በየሐዘኑ ቤት ወንበር ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው፤ የእናትዎ ለቅሶ ላይ የተቀመጡበትን ወንበር ጭምር። ስለዚህ በመጪው እሑድ ስረዛውን በዚያው ድምፅዎ እንዲያነሱ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ፍርድ ቤት እንኳ ሊሰርዝልኝ የማይችል የምክርዎ ዕዳ ያለብኝ፣
ፍቅረማርያም ከተማ
የንጉሤ አማት

ማሳሰቢያ፦ በውሳኔዎ ከጸኑ የእኔንም ስም አብረው ይሰርዙ፤ በፈረንጆቹ 2009 እኔም ባንክራፕሲ አድርጌያለሁ። የከሰረን ሰው ማንም አያበድረውም የሚለውን ትምህርትዎን ደግሞ፣ አምና የእርስዎ ክሬዲት ለመኪና ብድር አልበቃ ብሎ እኔ ዋስ ሆኜ ኮሳይን ባደረግሁልዎት በዚያች መኪና ውስጥ ተቀምጠው ለንጉሤ ባይሰጡት መልካም ነበር።