እንግዳ በመሸኘት የተከሰሰው የሦስተኛ ፎቅ ተማሪ

ለተከበሩ የተማሪዎች ማደሪያ አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎ? እኔ በሥጋ ደህና ነኝ፤ ስለ ቀረው ከዚህ በታች እዘረዝራለሁ። ይህን ደብዳቤ መግቢያው ላይ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አስቤ አይደለም። በሬ ላይ የለጠፏቸውን ማስጠንቀቂያዎች ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ስላነበበልኝ፣ መልሱ ቢቀርበት ቅር እንዳይለው ብዬ ነው።

የፊታችን ዓርብ ኮሚቴዎ በእኔ ጉዳይ እንደሚሰበሰብ በክብር ነግረውኛል። በአንድ የትምህርት ዘመን ሦስት ጊዜ በር ተቆልፎበት ውጭ የቀረ ተማሪ ክፍሉን ይለቃል ይላል ደንቡ። ክፍሉን ከለቀቅሁ አድራሻ የለኝም፣ አድራሻ ከሌለኝ የመኖሪያ ፈቃዴ አይታደስም፣ ፈቃዴ ካልታደሰ ደግሞ ትምህርቴን እንደ ጀመርኩት ጥዬ ወደ አገሬ እገባለሁ። እናቴ በስልክ ምን አጥፍተህ ነው ብላ ስትጠይቀኝ እንግዳ ሸኝቼ ነው አልኳት። እሷም፣ ሸኝተህ ነው ወይስ ሳትሸኝ ቀርተህ፣ እስቲ ደግመህ ንገረኝ አለችኝ። እስከ ዛሬም የገባት አይመስለኝም፤ እኔም ገብቶኝ አይደለም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ) ባደግሁበት ቤት በር የሚዘጋው ሰው ሲዘጋው ነበር። ሰው ወጣ ሲል ጠብቆ በገዛ ፈቃዱ የሚቆለፍ በር መኖሩን ያወቅሁት እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ያመለጠኝን ትምህርት ሊያስረዳኝ መጥቶ ውሎ ሲነሣ፣ እንደ ወጉ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኘሁት። እሱም በየመንገዱ ወዴት ነው የምትሄደው እያለ ይጠይቀኝ ነበር፤ ምን ፈልጎ ይከተለኛል ብሎ ሳይሠጋ አልቀረም። በነጠላ ጫማ፣ በዝናብ ስመለስ ክፍል አለኝ፣ ቁልፍም አለኝ፣ ሁለቱም ግን ከበሩ ወዲያ ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። በልብስ ማጠቢያው ክፍል ከማላውቃቸው ሰዎች ካልሲ ጋር ስላሳደሩኝ አመሰግናለሁ፤ ሞቅ ያለ ነበር።

2ኛ) ሁለተኛው ጥፋቴ ከዚህ ይከፋል። ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት የሚሠሩ አንዲት የአገሬ ሴት፣ ብርዱን እንዳልቻልኩት ሰምተው ብርድ ልብስ ይዘውልኝ መጡ። እናቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው፤ ያን ሁሉ ደረጃ ብቻቸውን ይውረዱ? ወረድን። ፌርማታው ላይ እሳቸው ሲመክሩኝ፣ እኔ እሺ ስል፣ ደህና ሁን ተባብለን ደግሞ አዲስ ምክር ሲመጣ አውቶቡሶች አለፉን። ለካ ሩዝ ጥጄ ነበር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በሩ መቆለፉ ሳያንስ ሩዙ አርሮ፣ የጭስ ደወሉ ጮኾ፣ የሕንፃው ሰው በሙሉ፣ አንዳንዱም በፎጣ፣ ግቢ ወጥቶ ጠበቀኝ። ከማስጠንቀቂያው በታች፣ እንግዳን ከወንበር ሳይነሡ መሰናበት ይቻላል ብለው ስለ ጻፉልኝ ምክር አመሰግናለሁ። ለእናቴ ግን አላነበብኩላትም።

3ኛ) ከዚያ ወዲህ ብልህ ሆንኩና በሩን በጫማዬ ደግፌ መውጣት ጀመርኩ። ፊት ለፊቴ የሚኖረው ጎረቤቴ፣ ደህና አደርክ ስለው ስልኩን የሚያይ ሰው ነው፤ እሱ ጫማዬን ፎቶ አንሥቶ ላከልዎ። እርስዎም ለእሳት አደጋ ያጋልጣል ብለው ጻፉልኝ። ለእሳቱ ልክ ነዎት። እኔን ያበገነኝ ሌላ ነው። ይህን ያህል ወር ግድግዳ ለግድግዳ ኖረን ስለ እኔ የተነፈሰው የመጀመሪያ ቃል ክስ መሆኑ ነው። እጁ ጫማዬ ድረስ ከደረሰ በሬን ቢያንኳኳ ምን ነበረበት?

4ኛ) ሦስተኛው፣ ማለትም የመጨረሻው ወንጀሌ፣ በጥንቃቄ የተፈጸመ ነው። ያው የክፍል ጓደኛዬ ዳግመኛ ሲመጣ ምድጃውን አጠፋሁ፣ ጫማዬን አነሣሁ፣ ቁልፌን ጃኬቴ ኪስ ከትቼ ዚፑን ዘጋሁ። ፌርማታው ላይ ነፋሱ ሲበረታ ልጁ በስስ ሸሚዝ ይንቀጠቀጣል። ጃኬቴን አውልቄ አለበስኩት። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት እጁን አውለበለበልኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ አውለበለብኩ፣ ከዚያ ኪሴን ልዳብስ ብል ኪስ የለኝም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህች ብቻ ናት። በር ላይ ሌት ተቀን የሚቀመጥ ዘበኛ አለን፤ ደንቡ ግን ቁልፍ እንዳይነካ ይከለክለዋል። የሕንፃው ትርፍ ቁልፎች በሙሉ የሚቀመጡት በእርስዎ ቢሮ ነው፤ ቢሮው ሲቆለፍ እነሱም አብረው ይቆለፋሉ። ቁልፎቹ ወደ ዘበኛው ይውረዱ። ያን ጊዜ እኔም በሰላም ሸኝቼ እገባለሁ፣ እርስዎም ወረቀት ከመለጠፍ ያርፋሉ። ይህ ካልሆነ ግን ደክሞኛል ክቡር ሆይ። ለመማር መጥቼ የሠለጠንኩት በር ላይ በመቆም ነው።

ለሰጡኝ ማስጠንቀቂያ ሁሉ፣ ለተለጠፈበትም ሙጫ ሳይቀር ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ በውጭ የማያስቀርም በር እንዲሰጥዎ ከልቤ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
እስከ ዓርብ ድረስ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ አስጠርተውኝ ስለ መሸኘት ያስረዳሁትን ሰምተው፣ እንደ ልማድዎ ሳይሆን ከወንበርዎ ተነሥተው እስከ ደረጃው ራስ ስለ ሸኙኝ አመሰግናለሁ። ወግ እንዲህ ነው። በሩ ከኋላችን ቀጭ ማለቱን፣ ኮትዎ፣ መነጽርዎና ትርፍ ቁልፎቹ በሙሉ ውስጥ መቅረታቸውን፣ ቁልፍ ሠሪው እስኪመጣም ቀዝቃዛው ደረጃ ላይ ጎን ለጎን መቀመጣችንን ለኮሚቴው አልተናገርኩም፤ ስለ ወገብዎ የጠየቅኩትም ለዚሁ ነው። ኮሚቴው ይህን ሰሌዳ ያነብ እንደ ሆነ አላውቅም። ቢያነብም አይሥጉ፣ በደንቡ መሠረት እርስዎ ገና ሁለት ይቀርዎታል።